የሐረርን ታሪክ የሰበሰቡ ሰዎችና የእኛ ደብተር

በካኩማ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ በመምህራን ስም የቀረበ ንግግር





ከሁሉ አስቀድመን፣ በዚህ ፀሐይ ከውሃ ወረፋና ከማገዶ ሥራ ጊዜ ቆጥባችሁ ስለተገኛችሁ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ራሽን አይደለም። ወደ ሦስተኛ አገር ስለ መሄድም አይደለም። በነዚህ ጉዳዮች የሚናገሩ ሌሎች አሉ፤ እኛም እንደ እናንተው ቁጭ ብለን እናዳምጣቸዋለን። የዛሬው ጉዳያችን የአንድን ከተማ ታሪክና የእጅ ጥበብ የሚያጠኑና የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ምሳሌ የምናደርገው ሐረርን ነው። ይህን ያደረግነው ሐረርን ከሌላው አገር አስበልጠን አይደለም፤ ከመካከላችን ጎንደር የተወለደ አለ፣ ጅማ ያደገ አለ፣ ከጋምቤላ የመጣም አለ። ነገር ግን አንዳንዶቻችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ሐረር ስለተከታተልን ነገሩን በዓይናችን አይተነዋል። ከዚህም ሌላ፣ እዚያ ሥራውን የጀመሩት ሰዎች ባለ ሥልጣንም ባለ ሀብትም ስላልነበሩ ለእኛ የሚሆን ትምህርት ከነርሱ ይገኛል ብለን እናምናለን።

ከተማዋን ለማያውቁ ጥቂት እንበል። የጥንቷ ሐረር ጀጎል በሚባለው የድንጋይ ግንብ የታጠረች ናት። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። በግንቡ ውስጥ ያለው ስፋት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶችና አዋች የሚባሉ 102 የወሊዮች መታሰቢያዎች እንዳሉ ዩኔስኮ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ገልጿል። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ከተማውን «ጌይ» ይለዋል፤ ትርጉሙ ከተማ ማለት ነው። ቋንቋውንም «ጌይ ሲናን»፣ የከተማ ቋንቋ፣ ይለዋል። በአማርኛ ቀድሞ አደሬ ይባሉ የነበሩት ሐረሪዎች ናቸው፤ በዚያ ስም መጠራትን አይወዱትምና እኛም አንጠራቸውም።

ስለ ሐረር የተጻፈውን መጽሐፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ስለ ሁለት ፈረንጆችና ስለ ጅብ ነው። አንደኛው ፈረንጅ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ገብቶ የቆየው 10 ቀን ሲሆን መጽሐፍ ግን ጽፏል። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው፤ በ1880 መጨረሻ መጥቶ፣ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ነግዷል። ዛሬ የራምቦ ቤት ተብሎ ቱሪስት የሚጎርፍበት ባለ ፎቅ ቤት እርሱ የኖረበት እንዳልሆነ ብዙ አጥኚዎች ይናገራሉ። እኛ በእንግዶቹ ላይ ጥላቻ የለንም። ሆኖም 10 ቀን የቆየው ሰው ስም በዓለም ሲታወቅ፣ ዕድሜ ልኳን በዚያው ግቢ ሰፌድ ስትሰፋ የኖረች እናት ስም በሠፈሯ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነናል። ስለ እርሷ የሚጽፍ ካለ የሚጽፈው የአገሩ ሰው ነው።

የአገሩ ሰው ግን ለመጻፍም ለማስቀመጥም ሁልጊዜ አልተመቸውም። ግብጾች እ.ኤ.አ. በ1875 ከተማዋን ይዘው 10 ዓመት ገዙ። በጥር 1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የአሚሮቹ አገዛዝ አብቅቶ ከተማዋ በምኒልክ ሥር ገባች። ኋላም በ1940 ዓ.ም. በተነሣው የፖለቲካ እንቅስቃሴ ምክንያት ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፣ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ቤተሰቦችም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ፈለሱ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ብዙዎች ወደ ዓረብ አገሮችና ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዱ። እዚህ የተቀመጥን ሁላችን እንደምናውቀው፣ ገዥ በተለወጠ ቁጥር ሰው መጀመሪያ የሚደብቀው ወረቀት ነው። አንዳንዱ ይቀብረዋል፣ አንዳንዱ ያቃጥለዋል፣ አንዳንዱ ለነጋዴ ይሸጠዋል። የሐረር መጻሕፍትም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም።

እንግዲህ የምንነግራችሁ ሰው አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ መንግሥት በተለወጠበት ወራት አካባቢ፣ የከተማቸውን ቅርስ መሰብሰብ ጀመሩ። የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አላዘዛቸውም። ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ሰው በሣጥን ያቆየውን የእጅ ጽሑፍ፣ የአሚሮችን ዘመን ሳንቲም፣ ሰይፍ፣ የሴቶች ጌጥና ልብስ፣ የዘፈን ቅጂ ሳይቀር ሰበሰቡ። መጀመሪያ ያኖሩት በራሳቸው ቤት ነበር፤ ሕዝብም እዚያው እየሄደ ያይ ነበር። ከዓመታት በኋላ የክልሉ መንግሥት ራስ ተፈሪ ከመንገሣቸው በፊት ኖረውበታል የሚባለውን ቤት ሰጣቸውና ሙዚየሙ ወደዚያ ተዛወረ። ዛሬ በውስጡ ያሉት የእጅ ጽሑፎች ብቻ ከሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹም በዲጂታል ካሜራ ተነሥተዋል።

ተማሪዎች ሆነን ቤቱን ስንጎበኝ የገረመን የዕቃው ብዛት አልነበረም። የገረመን አንድ ሰው የአያቱን መጽሐፍ ከሣጥኑ አውጥቶ ለጎረቤቱ እንዲሰጥ ምን እንዳደረገው ነው። ነገሩን ስናስበው መልሱ መተማመን ነው። የተሰጠ ዕቃ ወደ ገበያ እንደማይወጣ፣ የሰጪው ልጅ በመጣ ጊዜ ገብቶ እንደሚያየው ሰው ካላመነ አይሰጥም። ገንዘብ ከፍሎ የሚሰበስብ ነጋዴ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ እርሱ የገዛው ግን ከአገር ወጥቶ ቀርቷል።

ስለ መጽሐፉ ጥረዛ ትንሽ ብንቆይ ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሐረር የእጅ ጽሑፍ በአብዛኛው በዓረብኛ፣ አንዳንዱም በዓረብ ፊደል በጌይ ሲናን የተጻፈ ነው። መጽሐፉ በቆዳ ይጠረዛል። በቆዳው ላይ በማኅተም እየተጫነ ጌጥ ይወጣበታል፤ በአንደኛው ጎን እንደ ፖስታ የሚታጠፍ ክዳን ይደረግለታል፤ ገጾቹም በክር ይሰፋሉ። ይህ ጥበብ ሐረር በዙሪያዋ የታወቀችበት ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን የታተመ መጽሐፍ ሲበዛ ባለ ሙያው እየተመናመነ ሄደ። ሙዚየሙ የተሰበሰቡትን መጻሕፍት ሊጠግን ሲነሣ እጁን የሚያውቀው ሰው ጥቂት አዛውንት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የቀሩትን መጠየቅ፣ የአሮጌውን ጥራዝ ስፌት እየተመለከቱ መማር፣ ከዚያም ለወጣቶች ማስተማር ግድ ሆነ። ተመልከቱ፤ መጻሕፍቱ በመቶ የሚቆጠር ዓመት ቆይተው እዚያው አሉ። ሊጠፋ ትንሽ የቀረው እነርሱን የሚጠርዘው እጅ ነበር።

እኛ መምህራን በክፍል ውስጥ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን ልጆችን እናስተምራለን። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። በጽሑፍ ያለውም ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያርሰዋል፣ የሚያነበው ይጠፋል። ሰፌድ እንዴት እንደሚሰፋ ደግሞ በጽሑፍ ብቻ ማን ተምሮ ያውቃል?

ሰፌድን ካነሣን፣ የሐረር ቤት ውስጥ የገባ ሰው የሚያየውን እናስታውስ። ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው በሰፌድ፣ በሙዳይና በሣህን የተሞላ ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ምልክት ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የስፌት ሥራ ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ አይደለም። አንዱ ሙሽራ ይዛው የመጣችው ነው፤ አንዱ ለአማት የሚሰጥ ነው። የስፌቱን ዓይነት አይታ የቤቱን ነገር የምታነብ ሴት አለች። ስንደዶው፣ አክርማው፣ የአለላው ቀለም አነካከር፣ ጌጡ ስንት ዙር ላይ እንደሚጀመር፣ ይህ ሁሉ በሴቶች እጅ የኖረ ትምህርት ነው። ልጃገረዶች በአንድ ግቢ ተሰብስበው ከታላቆቻቸው ይማሩት ነበር። ስለዚህ የከተማን ቅርስ ጠባቂ ስንል ሙዚየም የከፈተውን ወንድ ብቻ ማለታችን አይደለም።

ሸዋሊድንም እንጨምር። ከረመዳን ጾም በኋላ ያሉት ስድስት ቀናት ጾም ሲፈጸም ሐረሪዎች በዜማና በጭፈራ የሚያከብሩት በዓል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እንዲህ ያለ ምዝገባ ከላይ አይወርድም። ዜማውን የሚያውቁት አዛውንት እየተጠየቁ፣ ሥርዓቱ ቀን በቀን እየተጻፈ የሚዘጋጅ ነው።

ከከተማው ውጭም በጽሑፍ የረዱ አሉ። ዩሱፍ አሕመድ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጥናት መጽሔት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ስለነበሩት አሚሮች የቤት ወጪና ገቢ መዝገብ ጽፏል። አስቡት፤ የጦር ታሪክ አይደለም፣ የቤት ወጪ ነው። ሰው የሚኖረው በርሱ ነውና ከብዙ የነገሥታት ዝርዝር ይበልጥብናል። የጌይ ሲናንን የቃላት ሥር የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ናቸው። እኒህ ሰው ፖላንድ የተወለዱ አይሁዳዊ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ በካምፕ ታስረው ነበር፤ በ1942 አሜሪካ ገቡ። ካምፕ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ለትምህርት ሥራ አይሆንም የሚለንን ሰው ይህን እንነግረዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

እንደሚታወቀው ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተ ካምፕ ነው። እዚህ ተወልደው እዚህ ትምህርት የጨረሱ ልጆች አሉን። ስለ ኬንያ አውራጃዎች ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ፤ የአያታቸውን ከተማ ግን በስም ብቻ ያውቁታል። በሌላ በኩል በየብሎኩ የተቀመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ አሉ፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጎንደር ቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማሩ አሉ። የጅማን ገበያ የቀድሞ አቀማመጥ በጣታቸው አሸዋ ላይ የሚስሉልን አሉ። ዕቃ ይዞ የወጣ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሙዚየም ልንከፍት አንችልም። ልንሰበስብ የምንችለው የሚነገረውንና እጅ የሚሠራውን ነው። የእኛ ሐሳብም አጭር ነው፦ የካምፑ ተማሪዎች ከአዛውንቶቻችን እየጠየቁ የሚጽፉበት የየከተማው ደብተር ይከፈት።

ይህን ሐሳብ በየብሎኩ ስናነሣ የተሰጠንን ተቃውሞ አንደብቅም። አንድ አባት «ልጄ፣ ታሪክ ዱቄት አይሆንም» ብለውናል። ትክክል ናቸው፣ አይሆንም። ዱቄት ይሆናልም አላልንም። ነገር ግን እኒሁ አባት ስለ ፈላና በር ገበያ መናገር ጀምረው እስኪመሽ ድረስ አላቆሙም፤ ልጆቹም እራት ረስተው ሲሰሟቸው ነበር።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የፍርሃት ነው። «የተናገርሁት በማን እጅ ይገባል? ስሜ ይጻፋል ወይ? አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼስ?» ይህን የጠየቁን ብዙዎች ናቸው፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ስለዚህ እንዲህ እንዲሆን እናሳስባለን። ተናጋሪው ካልፈቀደ ስሙ አይጻፍም። የተሰደደበት ምክንያት አይጠየቅም፤ ያ ጉዳይ ሌላ ቢሮ የሚታይ ነው፣ የእኛ ደብተር የክስ ፋይል አይደለም። የተናገረው ከተጻፈ በኋላ ይነበብለት፤ አውጡልኝ ያለው ይውጣ። ደብተሩን ድርጅቱ ያስቀምጥ የሚሉ አሉ፣ ማኅበረሰቡ ያስቀምጥ የሚሉም አሉ። እኛ የምንደግፈው ዋናው በማኅበረሰቡ ዘንድ በተቆለፈ ሣጥን እንዲቀመጥ ነው። ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው ተናጋሪዎቹ የፈቀዱት ብቻ ይሁን። የዚህን ጋዜጣ አዘጋጆች ሳናስቀይም እንናገር፦ ድርጅት ሠራተኛ ይለውጣል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል። አቶ አብዱላሂ መጻሕፍቱን ያገኙት ሰው ጎረቤቱን ስላመነ መሆኑን አንርሳ።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቀናል። የማን ታሪክ ነው የሚጻፈው? በዚህ ካምፕ ውስጥ በብሔር ምክንያት ውሃ ቧንቧ ላይ የተጣላ ሰው አይተናል፤ ደብተሩ ለዚያ ማገዶ እንዲሆን አንፈልግም። እዚህም ላይ ሐረር ትረዳናለች። ከጥንቶቹ አምስት በሮች አንዱን ሐረሪው በድሮ በሪ ይለዋል፤ አማርኛ ተናጋሪው ቡዳ በር ይለዋል። አርጎብ በሪ የሚባለውን ሌላው ኤረር በር ይለዋል። ሱቁታት በሪ ለሌላው ሰንጋ በር ነው። ፈላና የምንለው አሱም በሪ ነው። ሸዋ በርም አስመዲን በሪ ነው። ታዲያ እውነተኛው ስም የቱ ነው ብሎ መጣላት ይቻላል፤ የሚጣላም አለ። አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ሱማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው በነዚያ በሮች ገብቶ ወጥቷል፤ እያንዳንዱም የጠራበት ምክንያት አለው። በሙዚየሙም የሐረሪ ዕቃ ብቻ አይደለም ያለው፤ የጎረቤቶቹም አለ። በእኛ ደብተር አንድ በር አምስት ስም ቢኖረው አምስቱም ይጻፍ፣ ማን እንደሚጠራበትም ይጻፍ። ስለ ጨለንቆ ሁለት አባቶች ሁለት ዓይነት ቢናገሩ የሁለቱም ይጻፍ። ልጆቻችን ዳኛ አይደሉም፣ ጸሐፊዎች ናቸው። እኛም መምህራን በልጆቹ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ስሕተት» ብለን ላለመጻፍ ተስማምተናል፤ ለመምህር ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እወቁልን።

ለተማሪዎቻችን ስለ አጠያየቅ ጥቂት እንበል። «ታሪክ ንገሩኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንዲህ የተጠየቀ አዛውንት ስለ ነገሥታት የሰማውን ይነግራችኋል፣ እርሱንም መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። «ጠዋት ከቤት ስትወጡ መጀመሪያ ማንን ታገኙ ነበር?» በሉ። «ዳቦ ከየት ይገዛ ነበር? በሠርግ ቀን ማን ያለቅሳል? ይህን ሲሠሩ ቀኝ እጅዎ ምን ይይዛል?» በሉ። ያዩትንና የሰሙትን ለዩ፤ ያዩትን «አየሁ ብለዋል»፣ የሰሙትን «ሲባል ሰማሁ ብለዋል» ብላችሁ ጻፉ። አው አባድር ከ405 ወሊዮች ጋር ወደ ሐረር መጡ የሚለውን ስትሰሙ እንደ ተነገራችሁ ጻፉት፤ የሚነገር ነው ብላችሁ ጻፉት እንጂ አትሠርዙት። አዛውንት ሲደክማቸው ተነሡ። ደግሞም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድታችሁ ሂዱ።

በመጨረሻ የምናነሣው ጊዜ የማይሰጥ ነው። በካምፓችን የሚኖሩ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ተወልደው ያደጉ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን እንድንጠራ አልፈቀዱም። ስንደዶና አክርማ እዚህ ስለማይገኝ የቱርካና ሴቶች ቅርጫት ከሚሠሩበት የዘንባባ ቅጠል እየገዙ፣ በሻይ ቅጠልና ገበያ ላይ በሚገኝ ቀለም እየነከሩ ሙዳይ ይሰፋሉ። የቱርካና ሴቶችም መጥተው ስፌታቸውን ያያሉ፤ በቋንቋ ባይግባቡም በወስፌ ይግባባሉ። እኒህ እናት ዓይናቸው እየደከመ ነው። በክሊኒኩ አንደኛው ዓይን እንደማይመለስ ተነግሯቸዋል። የሚያውቋቸው የጌጥ ዓይነቶች ከነስማቸው ከ20 በላይ መሆናቸውን ቆጥረውልናል፤ እስካሁን ሠርተው ያሳዩን ሰባቱን ነው። የቀሩትን በቃል ሊነግሩን ይችላሉ፤ «በቃል የተነገረ ጌጥ ግን ምን ይሆናል፣ ሰፍቼ ላሳያችሁ» ይላሉ።

ስለዚህ የሌሎቹ ከተሞች ደብተር ስብሰባው ተወያይቶ እስኪወስን ይጠብቅ። የእርሳቸው ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይጀመር ብለን እንጠይቃለን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ክፍል እንገናኛለን፤ ፊት ለፊት የሚቀመጡት መስፋት የሚፈልጉ ልጃገረዶች ይሁኑ፣ ወንዶች ልጆችም ከፈለጉ አንከለክልም። የሚጽፉ ሁለት ተማሪዎች መርጠናል። ዘንባባ ለመግዣ መምህራን ከኪሳችን አዋጥተናል፤ ለሦስት ሳምንት ይበቃል። የጎደለን ወስፌ ነው። አንድ ብቻ ነው ያላቸው፣ እርሱም ጫፉ ዶልዱሟል። ወስፌ ወይም ወፍራም የጆንያ መርፌ ያለው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ለማኅበረሰቡ ጸሐፊ እንዲሰጥልን በአክብሮት እንለምናለን።